የትኛውን የወላጅነት ክላስ ልውሰድ? ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ሲ ፒ ኤስ ሲጠይቅ ወይም በራስ ፈቃድ ሲሆን

አሜሪካ ውስጥ አንድ ወላጅ «ፓረንቲንግ ክላስ ውሰድ ተባልኩ» ሲል ሰሚው ነገሩ አንድ ብቻ ይመስለዋል። ቢያንስ አራት ነው። የሚፋቱ ወላጆች የሚወስዱት የጥቂት ሰዓታት ሴሚናር አለ። ሲ ፒ ኤስ፣ ማለትም የልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ሲከፍት የሚጠይቀው የብዙ ሳምንታት ኮርስ አለ። የወንጀል ፍርድ ቤት በገደብ ለለቀቀው ሰው የሚያዘው ረጅም ፕሮግራም አለ። ማንም ሳያዝ ወላጅ ራሱ ፈልጎ የሚገባበትም አለ።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «ርካሹ የቱ ነው? ቶሎ የሚያልቀውስ?» ብለው ነው። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ከእሱ በፊት የሚመጣ አለ። ሰርተፍኬቱን የሚፈልገው ማነው? በቤታችሁ ውስጥስ ምን እንዲለወጥ ነው የሚፈልገው? የዚህ መልስ ሳይታወቅ የተከፈለ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ይቀራል። ዳኛው ወረቀቱን አይቶ «እኔ ያዘዝኩት ይህን አይደለም» ሲል ደግሞ ከገንዘቡ በላይ የሚጎዳው ያለፈው ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን አንብቡ

ትእዛዝ በእጃችሁ ካለ፣ ክላስ ከመፈለጋችሁ በፊት እሱን ጨርሳችሁ አንብቡት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። የክላሱን ስም፣ የሰዓቱን ብዛትና የመጨረሻውን ቀን አውጡ። በአካል ነው ወይስ ኦንላይን ይፈቀዳል? ፍርድ ቤቱ የተቀበላቸው አስተማሪዎች ዝርዝር አለው? ሰርተፍኬቱን ለፍርድ ቤት የሚያስገባው አስተማሪው ነው ወይስ እናንተ? ያልተጻፈ ነገር ካለ ወደ ክለርኩ፣ ማለትም ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ሠራተኛ፣ ቢሮ ደውሉ። ጠበቃ ካላችሁ ደግሞ በኢሜይል ጠይቁት፤ መልሱ በጽሑፍ ይቆያችኋል።

ስሙ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። የሚፋቱ ወላጆች ሴሚናር ሌላ ነው፤ የልጅ አስተዳደግ ክላስ ሌላ ነው። አንገር ማኔጅመንት የሚባለው ቁጣን ስለመቆጣጠር ነው። የትዳር ጓደኛውን የመታ ሰው የሚላክበት ፕሮግራም ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። አንዱ በሌላው አይተካም። «ሁሉም ያው ትምህርት ነው» ብሎ አንገር ማኔጅመንት ጨርሶ የሚመጣ አባት፣ ሴሚናሩን እንዳልወሰደ ይቆጠራል።

ኢንተርኔት ላይ «ፍርድ ቤት የተቀበለው» የሚል ማስታወቂያ ሞልቷል። የየትኛው ካውንቲ ፍርድ ቤት? እሱን ነው መጠየቅ ያለባችሁ። ደንቡ ከስቴት ስቴት፣ አንዳንዴም ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል። ለቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሚሠራው ለሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይሠራ ይችላል። የፍርድ ቤታችሁን ዝርዝር ሳታዩ ክሬዲት ካርዳችሁን አታውጡ።

ለፍቺና ለካስተዲ (ልጁን ማን ያሳድግ ለሚለው) ጉዳይ የሚታዘዘው

ብዙ ወገኖቻችን በዚህኛው ይደነግጣሉ። «ምን አጥፍቼ ነው ልጅ ማሳደግ የምማረው?» የሚል ቅሬታ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እውነቱ ግን በብዙ ቦታ ይህ ክላስ ከጥፋት ጋር አይያያዝም። በፍሎሪዳ ለምሳሌ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያላቸው የሚፋቱ ባልና ሚስት ሁሉ ቢያንስ 4 ሰዓት መማር አለባቸው። ሐኪሙም ሹፌሩም ይወስደዋል። ፍቺውን ያመለከተው ወገን ማመልከቻውን ባስገባ በ45 ቀን ውስጥ፣ ሌላኛው ደግሞ መጥሪያው በደረሰው በ45 ቀን ውስጥ መጨረስ ይጠበቅባቸዋል። ችላ ያለውን ወላጅ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ በመጣስ ሊቀጣው፣ ከልጁ ጋር በሚያሳልፈው ጊዜ ላይም ሊወስንበት ይችላል።

በቨርጂኒያ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። እዚያ ክላሱ የሚመጣው ወላጆች በካስተዲ፣ በልጅ ጉብኝት ወይም በቀለብ ካልተስማሙ ነው። ቢያንስ 4 ሰዓት ይወስዳል። ክፍያው እንደ አቅም ሆኖ ከ50 ዶላር መብለጥ አይችልም፤ ሕጉ ራሱ ነው እንዲህ የሚለው። ፍርድ ቤት ከመቅረባችሁ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ የወሰዳችሁት ከሆነ ይቆጠራል፤ ካልሆነ ከቀረባችሁ በኋላ 45 ቀን አላችሁ። ጠቡ ወደ ፍርድ ቤት እንደሚሄድ ከወዲሁ የገባው ሰው፣ ቀኑ ሳይደርስ ረጋ ብሎ ሊጨርሰው ይችላል ማለት ነው።

ከቨርጂኒያ ሕግ የምወደው አንድ ነገር አለ። በሴሚናሩ ውስጥ የተናገራችሁት ነገር በኋላ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብባችሁም፤ ወንጀል ወይም ልጅን መጉዳት ያመናችሁበት ንግግር ካልሆነ በቀር። ይህን የማያውቅ ወላጅ ክላሱን አፉን ዘግቶ ይጨርሰዋል። ሌላ ስቴት የምትኖሩ ከሆነ፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት የእናንተን ደንብ ጠበቃ ጠይቁ።

ሜሪላንድ ውስጥ ሴሚናሩ ረዘም ይላል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ተከፍሎ 6 ሰዓት ነው። በዲሲ ሱፒርየር ኮርት ደግሞ በካስተዲ የሚከራከሩ ወላጆች ከሽምግልና በፊት ሴሚናር ይወስዳሉ፤ ለልጆቹም የራሳቸው ክፍለ ጊዜ አለ። ከሁሉም ይህኛው አካሄድ ይሻለኛል። ልጅም እኮ በወላጆቹ ፍቺ ራሱን የሚወቅስ፣ የሚጠይቀው ያጣ ባለጉዳይ ነው። ቴክሳስ ዳኛው ካመነበት ከ4 ያላነሰ፣ ከ12 ያልበለጠ ሰዓት ሊያዝ ይችላል።

በክላሱ ውስጥ የሚነገረው በየቦታው ተቀራራቢ ነው። ልጅ በየዕድሜው ፍቺን እንዴት እንደሚረዳው፣ በልጅ በኩል መልእክት አለመላክን፣ ልጁ ፊት ሌላውን ወላጅ አለማንቋሸሽን፣ ሁለት ቤት የሚኖር ልጅ የሚያስፈልገውን ሥርዓት ያስተምራሉ። አስተማሪው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አይፈርድም። አገር ቤት ፍቺ ሲመጣ የምናውቀው ሽማግሌ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ተጋቢዎችን ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች የመላክ ቦታ አለው። እዚህ ያለው ክላስ ሽምግልና አይደለም። ክሳችሁን ይዛችሁ አትግቡ፤ የሚሰማችሁ የለም። ከቀድሞ ባለቤታችሁ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥም በአብዛኛው አይጠበቅባችሁም፤ ለየብቻ በተለያየ ቀን መውሰድ ይቻላል።

ለዚህ ዓይነቱ ትእዛዝ ምርጫችሁ ቀላል ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ካሉት መካከል በሚገባችሁ ቋንቋና በሚመቻችሁ ሰዓት የሚሰጠውን ውሰዱ። ሌሊት ኡበር የሚነዳ ሰው፣ ትእዛዙ ከፈቀደለት፣ ኦንላይኑን ቢወስድ ምንም አይጎድልበትም። ለ4 ሰዓት ትምህርት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

ሲ ፒ ኤስ ሲጠይቅ

እዚህ ላይ ነው መጨነቅ የሚያስፈልገው። ልጃችሁ ከቤት ከተወሰደ ወይም ሊወሰድ ይችላል ከተባለ፣ ክላሱ ኬዝ ፕላን በሚባለው ሰነድ ውስጥ ይገባል። ዳኛው ልጁን ለመመለስ ሲወስን ይህን ሰነድ ያያል። ጊዜውም ገደብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ አንድ ልጅ ካለፉት 22 ወራት ውስጥ 15ቱን በፎስተር ኬር፣ ማለትም መንግሥት በሚመድበው አሳዳጊ ዘንድ፣ ካሳለፈ ስቴቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ማመልከት አለበት። ልጁ ዘመድ ጋር ሲሆንና በሌሎች ጥቂት ምክንያቶች ልዩ ሁኔታ አለ። ግን በልዩ ሁኔታ ተስፋ አድርጎ መቀመጥ አይገባም። ተጠባባቂ በዝቶ ክላሱ ቶሎ ካልተጀመረ፣ ያንኑ ቀን ጉዳያችሁን ለያዘው የሲ ፒ ኤስ ሠራተኛ፣ ለኬዝ ወርከሩ፣ እና ለጠበቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። መዘግየቱ የእናንተ ቸልተኝነት እንዳልሆነ መታየት አለበት። ጠበቃ ለመክፈል አቅም ከሌላችሁ፣ በአብዛኞቹ ስቴቶች በዚህ ዓይነት ጉዳይ ፍርድ ቤት ይመድብላችኋል፤ ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ብዙ ቤተሰብ እዚህ ችግር ውስጥ የሚገባው በመምታት ነው። በአሜሪካ ስቴቶች ወላጅ ልጁን «በመጠኑ» መቅጣቱ በራሱ ወንጀል ባይሆንም፣ ሰውነት ላይ ምልክት ሲቀር፣ ቀበቶ ወይም ሽቦ ሲጨመርበት ነገሩ ሌላ ነው። ሪፖርት የማድረግ ሕጋዊ ግዴታ ያለባት አስተማሪ የጠቆረ የቁንጥጫ ምልክት ካየች ትደውላለች። «እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» የሚለው መልስ ለኬዝ ወርከሩ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገም እንደምትደግሙት።

ስለዚህ በዚህ ጊዜ የሚመረጠው ክላስ አጭሩ ሳይሆን፣ እጃችን ሲነሳ በምትኩ ምን እንደምናደርግ የሚያለማምደን ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ልጃቸውን በመጉዳት መዝገብ የተከፈተባቸውን 110 ወላጆች በየቡድን መድቦ ተከታተለ። የተለመደውን የቡድን ክላስ ከወሰዱት ውስጥ 49 በመቶዎቹ ላይ ዳግመኛ ሪፖርት ቀረበ። ወላጅና ልጅ አብረው የሚሠለጥኑበትን፣ ፒ ሲ አይ ቲ የሚባለውን ከወሰዱት ላይ ግን 19 በመቶ ብቻ።

ፒ ሲ አይ ቲ ከ2 እስከ 7 ዓመት ገደማ ላሉ ልጆችና ወላጆቻቸው የተሠራ ነው። ወላጅና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ይጫወታሉ። አሠልጣኙ ከመስተዋት ጀርባ ሆኖ እያየ፣ በወላጁ ጆሮ በተሰካ ማዳመጫ ይናገራል። «አሁን ስላደረገው ነገር አመስግነው»፣ «ትእዛዙን አንድ ጊዜ ብቻ ንገረው»፣ «ጠብቅ»። መጀመሪያ ወላጅ የልጁን ጨዋታ መከተል ይለምዳል። ቀጥሎ ግልጽ ትእዛዝ መስጠትና ሳይጮኹ እስከ መጨረሻው መጽናትን። ለእኛ ቤት የመጀመሪያው ክፍል ይከብዳል፤ አጠገቡ ተቀምጠን እሱ እንደፈለገ እንዲመራን መፍቀድ አልለመድንም። የሚጠቅመን ግን እሱ ይመስለኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሠልጣኙ በየሰከንዱ ስለሚናገር በአስተርጓሚ ሲሆን ይዘገያል። እንግሊዝኛችሁ ለዚያ የማይበቃ ከሆነ፣ በአስተርጓሚ የሠራ ባለሙያ እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ካልተገኘ ኢንክሬዲብል ይርስ የሚባለው የቡድን ፕሮግራም ይሻላል። በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ወላጆች አጫጭር ቪዲዮ አይተው ይወያያሉ፤ ከዚያ አንዱ ልጅ፣ አንዱ ወላጅ ሆኖ ይለማመዳል። ሳምንቱ ብዙ ነው። በቡድን ስለሆነ ግን ለአስተርጓሚ ጊዜ ይሰጣል፤ እንደ እኔ የሚቸገር ሌላ ሰው አለ የሚለው ስሜትም ያግዛል።

ኬዝ ወርከሩ ዝም ብሎ «ፓረንቲንግ ክላስ» ብሎ ከጻፈ፣ የፕሮግራሙን ስም ጠይቁ። «በልጄ ዕድሜ የሚሠራ፣ ከልጄ ጋር የሚያለማምደኝ ቢሆን እመርጣለሁ» በሉ። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጉዳዩን ከልብ እንደያዛችሁትም ያሳያል። ትርፍ ነገር ግን አትውሰዱ። ከማይፈለጉ ሦስት ሰርተፍኬቶች ይልቅ፣ ከልጁ ጋር በሚደረገው ጉብኝት ላይ የተማሩትን ማሳየት ይበልጣል።

የወንጀል ክስ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይበቃም። ካሊፎርኒያን ለምሳሌ ብትወስዱ፣ ልጅን በመጉዳት ተፈርዶበት በገደብ የተለቀቀ ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት የሚፈጅ ፕሮግራም ውስጥ መግባት አለበት። የኢንተርኔት ክላስ እዚያ ቦታ የለውም። ከጠበቃችሁና በገደቡ ጊዜ ከሚከታተላችሁ ፕሮቤሽን ኦፊሰር ሌላ ማንንም አትስሙ።

በራስ ፈቃድ የሚገባበት

ከሁሉም የማከብረው ይህንን ነው። ምርጫውም እዚህ ጋ በጣም ይሰፋል። ግን «ለሁሉም የሚሆን» የሚባል የለም፤ የልጁ ዕድሜ ነው የሚወስነው።

የመጀመሪያ ልጇን ላረገዘችና ገቢዋ አነስተኛ ለሆነ እናት፣ ነርስ ፋሚሊ ፓርትነርሺፕ የሚባለውን አስቀድማለሁ። ነርስ ቤቷ ድረስ ትመጣለች፤ ልጁ 2 ዓመት እስኪሞላው ትከታተላታለች። ክፍያ የለውም። እርግዝናው 28ኛው ሳምንት ሳይሞላ መመዝገብ ስለሚያስፈልግ «ስወልድ አስብበታለሁ» አይሠራም። እዚህ አገር ስትወልድ አራስ ጠያቂ እንጂ አራስ ተንከባካቢ ለማይኖራት ልጅ፣ በየጊዜው ቤት የምትመጣ ነርስ ምን ያህል እንደምታሳርፍ ያየ ያውቀዋል።

ከ3 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ሂፒ የሚባል አለ። እስራኤል ውስጥ በኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ነው የተጀመረው፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦችም ተሳትፈውበታል። አሁን በአሜሪካ በተለያዩ ስቴቶች ይሠራል። ወላጅን የልጁ የመጀመሪያ አስተማሪ ማድረግ ነው ዓላማው። ቤት የምትመጣው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከዚያው ማኅበረሰብ የወጣች፣ ራሷም እናት የሆነች ናት። ልጃቸውን ኪንደርጋርተን ከመግባቱ በፊት ትምህርት ሊያስለምዱት ለሚፈልጉ ይሆናል። የሚደባደብ ልጅ ወይም ከባድ የባሕርይ ችግር ካለ ግን ለዚያ የተሠራ አይደለም።

ልጁ ትንሽ ከሆነና ችግሩ እንቢታና ጩኸት ከሆነ፣ ትሪፕል ፒን እዩት። ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ጥሩ ጎኑ በደረጃ መከፈሉ ነው፤ ከአንድ ጊዜ ንግግር ጀምሮ እስከ ረጅም የግል ክትትል ድረስ አለው። ኦንላይን የሚወሰድም አለው፤ ለነዋሪዎቻቸው በነፃ የሚሰጡ ስቴቶች ስላሉ ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳያችን ልምጣ። ልጁ 10 ወይም 12 ሲሞላው ብዙ ቤታችን ውስጥ ነገር ይገለበጣል። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚያነበው እሱ ነው። ባንክ የሚደውለው እሱ ነው። አባት አማርኛ ይናገራል፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ልጁ ክፍሉን ሲዘጋ ንቀት ይመስለናል፤ አባት ሲቆጣ ልጁ ጥላቻ ይመስለዋል። አብዛኞቹ ክላሶች የተሠሩት ለሕፃናት ወላጆች ነው፤ ስለ ታይም አውት፣ ልጅን ለጥቂት ደቂቃ ለብቻው ስለ ማስቀመጥ፣ መማር ለ13 ዓመት ልጅ አባት ምንም አይረዳውም።

ለዚህ ዕድሜ ስትሬንግዝኒንግ ፋሚሊስ ከ10 እስከ 14 የሚባለውን እመክራለሁ። ሰባት ሳምንት ነው፤ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት። በመጀመሪያው ሰዓት ወላጆችና ልጆች ለየብቻ ይማራሉ፤ በሁለተኛው ሰዓት አንድ ላይ ሆነው ይለማመዳሉ። የምወደው ሁለተኛውን ሰዓት ነው። ልጁ ወላጁ የሚሸከመውን ጫና በሌላ ሰው አፍ ይሰማል። ወላጅም ልጁ በትምህርት ቤት የሚገጥመውን ይሰማል። ብቻውን ተምሮ የመጣ ወላጅ ቤት ገብቶ አዲስ ሕግ ሲያወጣ ልጁ «ደግሞ ምን መጣብኝ» ነው የሚለው፤ አብሮ የተማረ ልጅ ግን ሕጉን ያወጣው እሱም ጭምር ነው። በአካባቢያችሁ ካልተገኘ፣ የልጃችሁን ትምህርት ቤት ካውንስለር ወላጅና ልጅ አብረው የሚካፈሉበት ፕሮግራም እንዳለ ጠይቁ።

በፈቃድ የተወሰደ ክላስ በኋላ ፍርድ ቤት ያገለግላል ወይ? ዳኛ በበጎ ሊያየው ይችላል። የታዘዘውን ይተካል ብላችሁ ግን አትተማመኑ፤ ከዝርዝሩ ውጭ ከሆነ እንደገና ልትወስዱ ትችላላችሁ።

ቋንቋ

እንግሊዝኛ «ይገባኛል» እና «ስለ ልጄ ያለኝን ስሜት መናገር እችላለሁ» አንድ አይደሉም። ክላስ ውስጥ አንገቱን እየነቀነቀ ጨርሶ የሚወጣ ወላጅ ሰርተፍኬት እንጂ ትምህርት አላገኘም። ስለዚህ ክላስ ስታወዳድሩ፣ ለእኔ ከዋጋውም ከርቀቱም በፊት የሚመጣው ቋንቋው ነው።

አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት፣ ፍርድ ቤቶችም ጭምር፣ በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያዳሉ ይከለክላል፤ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አገልግሎታቸውን እንዲያዳርሱ የሚጠየቁትም በዚህ ነው። በዲሲ ደግሞ የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ አለ፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ቅድሚያ ከሚሰጧቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ፣ ከቀኑ ቀደም ብላችሁ አስገቡ። «አማርኛ» ብላችሁ ቋንቋውን ጥቀሱ፤ «ኢትዮጵያዊ» ብቻ ብትሉ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው ሊመጣ ይችላል። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚቀናችሁ ከሆነም እሱኑ ጠይቁ።

ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የወላጆቹን ጠብ፣ የእናቱን ለቅሶ እየተረጎመ የሚቀመጥ ልጅ የሚሸከመው ለዕድሜው አይሆንም። ዘመድም ጥሩ አይደለም፤ ያሳጥራል፣ ያለሳልሳል፣ አንዳንዴ ወገን ይይዛል። የምታውቁት የማኅበረሰቡ ሰው ተመድቦ ከመጣና ወሬው ይወጣል ብላችሁ ከሠጋችሁ፣ በስልክ የሚያስተረጉም ከሌላ ከተማ እንዲመደብላችሁ ጠይቁ።

ኦንላይን በእንግሊዝኛ የተሰጠን ክላስ በስልክ መተርጎሚያ እየተከታተሉ መጨረስ ይቻላል። ለ4 ሰዓቱ ሴሚናር ምናልባት ያስኬዳል። ለሲ ፒ ኤስ ጉዳይ ግን በጭራሽ አልመክርም።

በአካል፣ በዙም ወይስ ብቻን በቪዲዮ

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲ ዲ ሲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 የ77 ፕሮግራሞችን ውጤት አንድ ላይ መርምረው ነበር። የተሻለ ውጤት ካሳዩት ፕሮግራሞች ጋር አብረው ከተገኙት ነገሮች አንዱ፣ ወላጅ በክላሱ ወቅት ከራሱ ልጅ ጋር እንዲለማመድ ማድረጉ ነው። መኪና መንዳት በቪዲዮ እንደማይለመድ ሁሉ ይህም አይለመድም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሌ እንዲህ ነው። ከልጅ ጋር የሚያለማምድ ይቀድማል። ቀጥሎ በቡድን የሚያወያይ፣ በአካልም ይሁን በዙም። መጨረሻ ላይ ብቻን የሚታይ ቪዲዮ። ቪዲዮውን ግን አልንቀውም። አማች ወይም ጎረቤት ሳይሰማ በሌሊት ማየት ለሚፈልግ፣ ወይም መግባት አለመግባቱን ላልወሰነ ሰው ጥሩ መጀመሪያ ነው። ሲ ዲ ሲ ለሕፃናት ወላጆች ያዘጋጀው ትምህርት በድረ ገጹ ላይ በነፃ ይገኛል፤ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ከመቶ ዶላር ክላስ በፊት እሱን ይይ።

ገንዘብ ካጠረ ለፍርድ ቤት ክላስ ክፍያ እንዲቀነስ ወይም እንዲቀር ማመልከት ይቻላል፤ ቅጹን ክለርኩ ይሰጣል። ለፈቃድ ክላስ ደግሞ 211 ደውሉ። በአካባቢያችሁ ያለውን ነፃ አገልግሎት ይነግሯችኋል፤ አማርኛ አስተርጓሚም ጠይቁ። ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍትም ይጠየቁ።

ቤት ውስጥ ጥቃት ካለ

የሚመታ ወይም የሚያስፈራራ የትዳር ጓደኛ ባለበት ጉዳይ፣ «ሁለታችሁ ተስማምታችሁ አሳድጉ» የሚለው አጠቃላይ ሴሚናር አደገኛ ምክር ሊሆን ይችላል። ፕሮቴክቲቭ ኦርደር፣ ማለትም የሚያጠቃት ሰው እንዳይቀርባት የሚከለክል የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ያላት እናት ይህን ከመመዝገቧ በፊት ለአስተማሪው ድርጅትና ለፍርድ ቤቱ ትናገር። በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ ወይም በኦንላይን እንድትወስድ፣ ከበድ ያለ ምክንያት ሲኖርም እንድትታለፍ መጠየቅ ትችላለች። የቨርጂኒያ ሕግ ለበቂ ምክንያት ፍርድ ቤቱ ክላሱን ሊያስቀር እንደሚችል ያስቀምጣል። በዙም ከሆነ ስሟና አድራሻዋ፣ ከጀርባዋ ያለው ክፍልም እንዳይታይ ታድርግ። በክላሱ የተነገራትን «ከልጁ አባት ጋር በቀጥታ ተነጋገሪ» የሚል ምክር ከትእዛዙ በላይ አታድርገው፤ ትእዛዙ አትገናኙ ካለ፣ አትገናኙ ነው።

ስትጨርሱ

ሰርተፍኬቱ ላይ ስማችሁ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ በተጻፈው አጻጻፍ መሆኑን አረጋግጡ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ የአባት ስም በአያት ስም ቦታ ይገባል። የመዝገብ ቁጥሩ፣ የሰዓቱ ብዛትና የተጨረሰበት ቀን ይኑርበት። አስተማሪው ራሱ ይልካል ቢባልም፣ አንድ ሳምንት ቆይታችሁ ክለርኩ ጋ ደውሉና መድረሱን ጠይቁ። አንድ ቅጂ ለጠበቃችሁ ስጡ፣ አንድ ለራሳችሁ አስቀሩ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። በቀጠሮው ቀን ዋናውን ይዛችሁ ቅረቡ።